ቆመው የሄዱት ሽማግሌዎች

ሀይፋን ባለፈው ሳምንት የተለየናት አኩርፋ ነበር፤ ዛሬም እንዳኮረፈች ናት። ታሪኩን ከመሃል ለምትቀላቀሉን ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ደጋ ኤፍ ኤም የምትባል ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ አለች። ሀይፋ አሕመድኑር እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘጠኝ እስከ አስር ሰዓት "የሰላምታ ሰዓት" የሚባል ዝግጅት ታቀርባለች። ከወግዲ፣ ከማሻ፣ ከደጎሎ ሰው ይደውላል፤ ለዘመድ ለወዳጁ ሰላምታ ያቀርባል፤ መጨረሻ ላይ አንድ ዘፈን ይመርጣል። ዝግጅቱ በቃ ይኸው ነው። ግን በዚያ ሰዓት ገበያተኛው ሁሉ ሬዲዮ ያለበት ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ሲሰማ ታገኙታላችሁ።

ጠልሐ ደግሞ ያንን ዝግጅት ሊዘጋ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም። የጣቢያዋ አዲስ ባለቤቶች "ወሬ ይቀነስ፣ ሙዚቃ ይብዛ" ብለው ነው የላኩት። የከተማ ዘፈኖችን በኮምፒውተር ደርድሮ፣ ቀንም ሌትም የሰው እጅ ሳይነካው የሚሄድ አዲስ ፎርማት መሥራት ነው ሙያው። መጣና በመስታወቱ ማዶ ተቀምጦ የሀይፋን ድምፅ መቆጣጠር ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ራሱን መቆጣጠር አቃተው።

እሷም ብትሆን አልተረፈችም። ሰው ሲደውል በመስታወቱ ውስጥ ጣቱን ያነሳላታል፣ ጊዜ ሲያልቅ እጁን ይጨብጥላታል፣ ደዋዩ ሲያስቅ አብረው ይስቃሉ፤ መስታወቱ ድምፅ ስለማያሳልፍ አንዱ የአንዱን ሳቅ አይሰማም። ቃል ያልወጣው ፍቅር እንዲህ ወራት ከረመ። ከዚያ ጠልሐ እንደ ጨዋ ሰው ሽማግሌ ላከ። ጋሽ አራጌና ሼህ ከማሉዲን የሀይፋ አባት ቤት ሄዱ። አባትየው ተቀመጡ ቢሏቸው "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ። ጉዳያቸው ተሰማ። አባትየውም "ልጄ ገና ናት፣ አልደረሰችም" ብለው ቆመው እንዳሉ ሸኟቸው፤ በወጉ ሽማግሌ የሚቀመጠው እሺ ሲባል ነው።

ልብ በሉ፣ ሀይፋ ዲግሪዋን ከያዘች ቆይታለች። ከእሷ ጋር የተማሩት ሁሉ ልጅ እያደረሱ ትምህርት ቤት ያስገባሉ። ነገር ግን በዚያ አገር የሴት ልጅ አባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣ ሽማግሌ "ገና ናት" ካላለ፣ ልጁን ሊገላገላት የቸኮለ ይመስልበታል። ሽማግሌም ይህን አውቆ ይመለሳል። ታዲያ እነ ጋሽ አራጌ አልተመለሱም። ሀይፋ በሩን ስታይ ሰነበተች። ያኮረፈችውም ለዚህ ነው።

በዚያው ሰሞን "የሰላምታ ሰዓት" የሚዘጋበት ቀን በጣቢያዋ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ።

*

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ጠልሐ ገመድ ያስተካክላል። ሀይፋ የነገውን ዝግጅት መግቢያ የምታነብ መስላ አንዱኑ መስመር ደጋግማ ታያለች።

"ነገ ልክ በአስር ሰዓት ኮምፒውተሩ በራሱ ይጀምራል" አላት፣ ከገመዱ ቀና ሳይል። "አስር ሰዓት ሲሆን ማይኩ ይዘጋል። እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።"

"ለምን እደነግጣለሁ? ከተነገረኝ ቆየ እኮ።"

"ተናደሽብኛል።"

"በዝግጅቱ አይደለም።"

በምን እንደሆነ ለመጠየቅ ፈለገ። ግን መልሱን የሚያውቀው መሰለው። አባቷ አይሆንም ያሉት እሷ አይሆንም ስላለች ነው፣ እሷም አይሆንም ያለችው የምትወደውን ሥራ ስለዘጋሁባት ነው ብሎ ከደመደመ ሰንብቷል።

"ሰኞ ትሄዳለህ አሉ" አለችው።

"ሥራዬን ጨረስኩ።"

"ሁሉንም?"

ያን ጊዜ ቀና አለ። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ይጠብቅ ነበር፣ ያየው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባውም። "የተፈቀደልኝን ያህል" አለ ቀስ ብሎ።

"ማን ከለከለህ?"

መልስ አልሰጣትም። ታሾፍብኛለች ብሎ አሰበ። እሷም ዝምታውን ሌላ ተረጎመችው፤ አንዴ ሞክሮ ሰልችቶታል፣ የባለ ወፍጮ ልጅ ደጅ ሁለት ጊዜ መመላለስ ከብዶታል አለች በልቧ። "ሽማግሌዎችህን መልሳቸው" ልትለው ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ነበር። ነገር ግን ሴት ልጅ ይህን ካለች ውሰዱኝ ብላ መለመኗ ነው። ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ሻርፗን አስተካከለች፤ ደህና እደር ብላው ወጣች።

ደረጃውን ስትወርድ እንባዋ መጣ። ማልቀሷ ሳይሆን ለምን እንዳለቀሰች ለማንም ልትነግር አለመቻሏ አንገበገባት።

*

ቅዳሜ ጠዋት የሀይፋ አባት፣ አቶ አሕመድኑር፣ ወፍጮ ቤታቸው ደጃፍ ቆመው ገበያተኛውን ሲያዩ ጋሽ አራጌን ከሩቅ ለዩአቸው። ጋሽ አራጌ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እንዳላዩ ሆነው በወዲያኛው ጥግ ሊያልፉ ነበር።

"ጋሽ አራጌ! አሰላሙ አለይኩም!"

"ወአለይኩም ሰላም፣ አሕመድኑር" አሉ ጋሽ አራጌ፣ መሸሹ እንደማያዋጣ ገብቷቸው። የማርያም ማኅበርተኛ ናቸው፤ ይሁንና በዚያ አገር ለሰላምታ የተመለሰ ሰላምታ ሃይማኖት አይጠየቅበትም።

"ምነው ጠፋችሁሳ? ሐሙስ ይመጣሉ ብዬ ከሥራ ቀርቼ ስጠብቃችሁ ዋልሁ።"

"ከልክሎን ነዋ።"

"ማን?"

"ልጁ! እንመለሳለን ብንለው፣ አባትየው አይሆንም ብለዋል፣ አታስቸግሯቸው፣ ይቅር አለን።"

"እኔ መች አይሆንም አልሁ?"

"ገና ናት አላልህም?"

"ኧረ ጋሽ አራጌ! ገና ናት የማይል አባት አለ ወይ? አንቱስ ለልጅዎ ሽማግሌ ሲመጣ ምን ብለው ነበር?"

"ገና ናት ነዋ።"

"ስንት ዓመቷ ነበር?"

"ሠላሳን አልፋለች" አሉ ጋሽ አራጌ፣ ሳያስቡት ፈገግ ብለው። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ። "ላንተ ቀልድ ነው። ልጁ አዲስ አበባ ነው ያደገው፤ እዚያ ሽማግሌ የሚሄደው ነገሩ ሁሉ በስልክ ካለቀ በኋላ ነው አሉ። የመሰለውን አምኖ ተቀምጧል፤ ሰኞም ይሄዳል።"

"እንግዲያ ይንገሩታ!"

"ይቅር ያለን እሱ ነው። ላኪው ሳይልከን በየት በኩል እንመለስ? አንተ ብትልክብን ደግሞ፣ አሕመድኑር ልጁን ይዞ ደጅ ጠና ይባላል። የሀይፋ ክብር ነው የሚወድቀው።"

አቶ አሕመድኑር ወደ ውስጥ ገብተው ወፍጮውን አጠፉት። ዘጠኝ ሰዓት ገና ሩቅ ነው፤ እህል ይዘው የተሰለፉት ሴቶች "ምነው፣ የሀይፋ ሰዓት ደረሰ እንዴ?" ሲሉ ተጠያየቁ። ቅዳሜ ልጃቸው ስትናገር ለመስማት ወፍጮውን እንደሚያቆሙ አገር ያውቃል። እሳቸው ግን ከረጢት ላይ ተቀምጠው ሲያስቡ ቆዩ። ሚስታቸው፣ አላህ ይዘንላትና፣ ሀይፋን በሕፃንነቷ ጥላባቸው ነው የሄደችው። በዚያ ቤት ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚበላው። አሁን አንዱ ሊቀር እንደሆነ ያውቃሉ፤ ልጃቸውም ሌሊት ሌሊት እንደማትተኛ ያውቃሉ። የትኛው ይበልጥ እንደሚያም ለመመዘን ሞከሩ፤ የልጃቸው እንቅልፍ ማጣት ከበደባቸው።

*

"የሰላምታ ሰዓት" ለመጨረሻ ጊዜ ጀመረ። የጣቢያዋ ሥራ አስኪያጅ አቶ ኒቆዲሞስ አዲሱን ፎርማት ለማስመረቅ እንግዶች ጠርተዋል፤ ኮሪደሩ ላይ ድፎ ዳቦ ተደርድሯል። ከደጎሎ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ደወለና ረዳቱን ጨምሮ የሚያውቀውን ሁሉ ሰላም አለ። ከማሻ አንዲት ሴት ደውላ "እንግዲህ ለእኅቴ ደህና መሆኔን በምን ልንገራት?" ስትል ድምጿ ተቆራረጠ። ሀይፋ "አብሽሪ እናቴ፣ አይዞሽ" አለቻት።

አስር ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጠልሐ በመስታወቱ ማዶ አንድ ጣቱን አነሳ። የመጨረሻው ደዋይ ማለት ነው።

"ጤና ይስጥልኝ፣ የሰላምታ ሰዓት ነው። ማን ልበል?"

"አሰላሙ አለይኩም።"

ሀይፋ የአባቷን ድምፅ ለየች። አባቷ በዝግጅቱ ላይ ደውለው አያውቁም፤ ቤት ያለች ልጄን በስልክ ምን ላድርጋት ነበር የሚሉት።

"ወአለይኩም ሰላም" አለች፣ ድምጿን ለመያዝ እየታገለች። "ማን ልበል... ከየት ነው የሚደውሉልን?"

"አሕመድኑር እባላለሁ። ከዚሁ ከመካነ ሰላም ነኝ፤ ወፍጮ ቤት አለችኝ። እንደምን ዋልሽ፣ የኔ እመቤት?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ እንዴት ነዎት?"

"ደህና። ቤቱ ደህና፣ ጎረቤቱ ደህና፣ ዝናቡም ዘንድሮ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ እንግዲህ ሰላምታ ላቀርብ ነበር።"

ቀረቡም። ወግዲ ላለችው እኅታቸው ለፋጢማ፣ ለባሏ፣ ለልጆቿ በየስማቸው። ታመው ለተነሱት ጎረቤት። ገብስ ለሚያመጡላቸው ደንበኞች። ለመስጊዱ ጀመዓ፣ ለገብርኤል ማኅበርተኞች። አንዱን ጠርተው ሳይጨርሱ "ኧረ እሱን ብዬ ወንድሙንማ አልዘልም" እያሉ ይመለሳሉ። ሰው ብዙ ስም የሚጠራው አንዱን ስም ለመደበቅ እንደሆነ የገባው አልነበረም። ሰዓቱ ግን ስም አይቆጥርም። ጠልሐ እጁን ጨበጠላት፤ ማብቂያው ደርሷል።

ሀይፋ በመስታወቱ ውስጥ አየችው። ቀጥልም፣ ቁረጥም አላለችውም፤ ብቻ አየችው። ጠልሐ ያንን ፎርማት ለመሥራት ወራት ፈጅቷል። ኮሪደሩ ላይ እንግዶች ቆመዋል። ሽማግሌዎቼን ያባረሩ ሰው ናቸው ብሎ የሚያስባቸው ሰው በስልኩ ላይ የጎረቤቶቻቸውን ስም ይደረድራሉ፤ ምን ሊሉ እንደሆነ አያውቅም። ነገር ግን አባት ለልጁ ሲናገር መሃል ላይ የሚያቋርጥ ሰው መሆን አልቻለም። እጁን ዘረጋና የገዛ ኮምፒውተሩን አቆመው።

ኒቆዲሞስ በሩን አንኳኩ። ጠልሐ እንዳይገቡ በሩን በጀርባው ደገፈ።

"ደግሞ" አሉ አቶ አሕመድኑር፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ "ለጋሽ አራጌና ለሼህ ከማሉዲን ሰላም በይልኝ። ባለፈው ቤቴ መጥተው ሳይቀመጡ ቆመው ሄደዋል። እኔም ገና ናት ብዬ ሸኘኋቸው። የልጄን እናት ስጠይቅ እኔም ሁለት ጊዜ ገና ናት ተብዬ ተመልሻለሁ፤ በሦስተኛው ነው የተሰጠችኝ። የምንጠላውን ሰው ገና ናት አንለውም፣ ልጅ የለኝም ነው የምንለው። ይኸንን የማያውቅ ሰው ቢኖር ብዬ ነው። እንዲቀመጡበት ያወጣሁት አግዳሚ ከዚያ ቀን ወዲህ ከቦታው አልተነሳም።"

ሬዲዮ ላይ ዝምታ ነውር ነው። በዚያች ቅዳሜ ግን ደጋ ኤፍ ኤም ዝም አለች፤ ሱቅ ደጃፍ የቆመውም ገበያተኛ ዝም አለ። ጠልሐ ከበሩ ላይ ጀርባውን አላነሳም፤ ዓይኖቹ ግን ሀይፋ ላይ ነበሩ። እሷም አላቀረቀረችም።

"ዘፈን..." አለች በመጨረሻ። "ምን ይመርጡልናል?"

"እኔስ አምባሰል ነበር የምወደው፣ ታውቂያለሽ። ዛሬ ግን ያ ከመስታወቱ ማዶ ያለው ልጅ ይምረጥልኝ። ከአዲሶቹም ቢሆን ግድ የለም። እሱ የወደደውን እኛም እንለምደዋለን።"

ስልኩ ተዘጋ። ጠልሐ ወደ ኮምፒውተሩ ሄዶ ቁልፉን ተጫነ። አዲሱ ፎርማት ከአስር ሰዓት ዘግይቶ፣ የአቶ አሕመድኑር ምርጫ ሆኖ ጀመረ። ኒቆዲሞስ ገብተው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የልጁን ፊት አዩና "ዳቦው እየደረቀ ነው" ብቻ ብለው ወጡ።

ጠልሐ ከመስታወቱ ማዶ መጥቶ ስቱዲዮው ውስጥ ሲቆም ሀይፋ ገና ከወንበሯ አልተነሳችም።

"እኔ እኮ አንቺ አይሆንም ያልሽ መስሎኝ ነው" አላት።

"እኔ ምን ተጠየቅሁና ነው አይሆንም የምለው?"

"እህቴ ስታገባ ሽማግሌ የመጣው አዳራሹ ከተያዘ በኋላ ነው። አባቴ ሽማግሌዎቹ ገና 'ጉዳያችን...' ሳይሉ እሺ ነበር ያሉት።"

ሀይፋ መጀመሪያ ሳቀች። ጠልሐ ሳቋን ያለ መስታወት ሲሰማ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ሻርፗን ፊቷ ላይ ይዛ ያን ሁሉ ቀን የያዘችውን አወጣችው። አልነካትም። አጠገቧ ቆሞ እስክትጨርስ ጠበቀ፤ መጠበቅ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ የገባው ገና አሁን ነበር።

"ሰኞ እሄዳለሁ ብዬ ነበር" አለ።

"እና?"

"ሰኞ ጋሽ አራጌን ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

"እሳቸውም መጀመሪያ ላይ እሺ አይሉህም" አለችው፣ ዓይኗን እየጠረገች። "ተመለስ።"

*

ሐሙስ ጠዋት አቶ አሕመድኑር አግዳሚውን በጨርቅ ወለወሉት። ንጹሕ ነበር። ጥቂት ቆይተው ደግመው ወለወሉት።

"አባዬ፣ ተወው በቃ" አለች ሀይፋ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ" አሉ፣ እጃቸውን ሳያቆሙ። "ሬዲዮ ላይ ገና ናት ማለቴ ለወጉ ነው ብያለሁ። እውነት ነው፣ ወግ ነው። ግን ወጉ ባይኖርም ገና ናት እል ነበር።" ጨርቁን አጣጠፉ። "ለእኔ ገና ነሽ።"

ሀይፋ አንገታቸው ሥር ገብታ እንደ ልጅነቷ ቆየች፤ ልብሳቸው ዱቄት ዱቄት ይሸት ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ ወደ ጓዳ ገባች። እዚያ ትንሿ ሬዲዮ ተከፍታ ነበር፤ አዲሱ ፎርማት አንዱን ዘፈን ጨርሶ ያለ አንድ ቃል ወደ ሌላው ይሻገራል። ጆሮዋ ገና አልለመደውም። ዘጋችውና ከበሩ ጀርባ ቆመች። ማየት ባትችልም ለእሷ ድምፅ ይበቃታል። የጋሽ አራጌን ከዘራ ለየች። የሼህ ከማሉዲንን ጉሮሮ መጥረግ ለየች። አባቷ "ተቀመጡ" ሲሉ፣ ሽማግሌዎቹ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ሲሉ ሰማች። ጉዳዩ ተነገረ፤ የጠልሐ፣ የአባቱ፣ የአያቱም ስም ተጠራ።

ከዚያ ዝም ተባለ።

"አሕመድኑር" አሉ ጋሽ አራጌ፣ ዝምታው ሲረዝም። "በወጉ አንድ ገና ናት ይቀርሃል፤ አልነፍግህም። ግን እኔ አርጅቻለሁ።"

አባቷ ሲተነፍሱ ሰማች። ያንን ትንፋሽ ታውቀዋለች፤ ከባድ ከረጢት ከትከሻቸው የሚያወርዱ ጊዜ የሚወጣ ነው።

"ተቀመጡ" አሉ አባቷ፣ ለሁለተኛ ጊዜ።

ሀይፋ ጆሮዋን ወደ በሩ አስጠጋች። የከዘራው ጫፍ ወለሉን ነካ። የልብስ ኮሽታ ሆነ። ቀጥሎ ያ አሮጌ አግዳሚ፣ የሁለት ሰው ክብደት አርፎበት፣ ሲጥ አለ።